ስም ያወጣለትን ድራማ ትቶ የሚሄድ ተዋናይ ከዳ ይባላል?

ፊልም አሳዳጅ፦ አንድ ተዋናይ በተከታታይ ድራማ ስሙ ከተነሳ በኋላ ወደ ሲኒማ ሲሄድ «ያወጣነው እኛ፣ የተተውነውም እኛ» የሚሉ ሰዎች ይበዛሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰውየው ሥራ ቀየረ እንጂ ማንን ከዳ? አንድን ገጸ ባሕርይ ለስድስትና ለሰባት ዓመት መጫወት እኮ ቀላል አይደለም። ያው አነጋገር፣ ያው አረማመድ፣ ያው ቁጣ። በኋላ ሌላ ቦታ ሲታይም ሰው የሚጠራው በገጸ ባሕርዩ ስም ነው። ጊዜው ሳያልፍበት የወጣ ብልህ ነው እላለሁ። እናንተስ? (ዓመተ ምሕረቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጻፍ፣ እንዳንምታታ።)

ሲዝን ጨራሽ፦ ብልህ? ዴቪድ ካሩሶን ረሳኸው እንዴ! ለዓመታት በትንንሽ ሚና ሲንከራተት ቆይቶ በ1993 «ኤንዋይፒዲ ብሉ» የሚባለውን የፖሊስ ድራማ ሲጀምር ስሙ ወጣ። የጎልደን ግሎብ ሽልማትም አገኘበት። ከዚያ በክፍያ ሳይስማሙ ቀሩ፣ ሲኒማውም ጠራው፣ የሁለተኛውን ሲዝን አራት ክፍሎች ብቻ ሠርቶ ሄደ። በ1995 የወጡት ፊልሞቹ «ኪስ ኦፍ ዴዝ» እና «ጄድ» ገበያ ላይ ወደቁ። ድራማው ግን በእሱ ቦታ ጂሚ ስሚትስን ተክቶ እስከ 2005 ቀጠለ። ታዲያ ማን ተጎዳ?

ፊልም አሳዳጅ፦ እሱ በ2002 «ሲኤስአይ ማያሚ»ን ይዞ ተመልሶ አሥር ሲዝን መርቷል። ይህንንም ቁጠርለት። ሁለት ፊልም ስለከሰረ ውሳኔው በሙሉ ስህተት ነበር ማለት ይከብደኛል። ፊልም የሚከስረው በተዋናዩ ብቻ አይደለም። ደራሲ አለ፣ ዳይሬክተር አለ፣ የሚወጣበት ጊዜ አለ።

የማታ ተመልካች፦ ሁለታችሁም «ወይ እዚህ ወይ እዚያ» አደረጋችሁት። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? ዴንዘል ዋሽንግተንን ተመልከቱ። ከ1982 እስከ 1988 «ሴንት ኤልስዌር» ላይ ዶክተር ሆኖ ሠራ። ያን ድራማ ሳይለቅ በ1987 «ክራይ ፍሪደም» ላይ የደቡብ አፍሪካውን የፀረ አፓርታይድ ታጋይ ስቲቭ ቢኮን ተጫወተና ለኦስካር ታጨ። ድራማው ካለቀ በኋላ «ግሎሪ» መጣ፣ ኦስካሩንም ወሰደ። ጆርጅ ክሉኒም እንዲሁ ነው። «ኢአር» ላይ አምስት ሲዝን ሙሉ ቆየ። በዚያው መሀል ፊልም ይሠራ ነበር። አንዳንዱ አልሆነለትም፣ በ1997 የሠራው የባትማን ፊልም ክፉኛ ነው የተተቸው። ግን ድራማው ስለነበረ ያ ውድቀት አልጣለውም። በሚቀጥለው ዓመት «አውት ኦፍ ሳይት» ላይ የተሻለ ሆኖ ታየ። በ1999 ሲወጣ ማንም ከዳን አላለውም።

ሲዝን ጨራሽ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው! ውሉን ጨርሶ ሄደ።

ትወና ተማሪ፦ ወንድሞቼ፣ ስለ ውል ከተነሳ እኔም የምለው አለኝ። «ሁለቱንም ይሥራ» ማለት ለተመልካች ቀላል ነው። ተዋናዩ ግን ጊዜው የራሱ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ተዋናይ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው የሙከራ ክፍል ሳይቀረጽ በፊት ለስድስት ወይም ለሰባት ዓመት ይፈርማል። ድራማው ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው ውሳኔ ደግሞ የጣቢያው ነው። ቶም ሴሌክ ለኢንዲያና ጆንስ ፊልም ተመርጦ ነበር። «ማግነም» የሚባለው ድራማ ስለያዘው ሚናው ለሃሪሰን ፎርድ ሄደ።

የፒርስ ብሮስናን ደግሞ ይብሳል። በ1986 «ሬሚንግተን ስቲል» መቋረጡ ተነገረ። እሱም ለጄምስ ቦንድ ተመረጠ። የቦንድ ወሬ ሲናፈስ ሰው በድራማው ላይ ያለው ፍላጎት ጨመረና ጣቢያው ውሉ ሳያልፍ ድራማውን መልሶ አስቀጠለ። ቦንድ ለቲሞቲ ዳልተን ተሰጠ። ድራማውስ? ጥቂት ክፍሎች ብቻ ተጨምረውለት በ1987 አበቃ! ብሮስናን ቦንድ ሆኖ የታየው በ1995 ነው። ይህን ያየ ሰው ስለ ታማኝነት ሲያወራ ጣቢያው ለተዋናዩ ምን ያህል ታማኝ ነበር ብሎ መጠየቅ አለበት።

ሲዝን ጨራሽ፦ ልክ ነሽ፣ ያሳዝናል። ግን እህቴ፣ ሰውየው አንብቦ ነው የፈረመው። ደግሞ ድራማ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። መሪ ተዋናዩ መሀል ላይ ሲወጣ ደራሲዎቹ የጻፉትን ይቀድዳሉ፣ ካሜራና መብራት የያዙት ሰዎች ነገ ሥራ ይኑራቸው አይኑራቸው አያውቁም። እነሱ የሚሄዱበት ሲኒማ የላቸውም።

ትወና ተማሪ፦ አንብቦ ፈረመ ትላለህ፣ ሥራ የሌለው ሰው ግን ምን ይምረጥ? ኦሊቪያ ዴ ሃቪላንድን አንብብ። የድሮ ስቱዲዮዎች ተዋናይ ሚና አልቀበልም ሲል ያግዱት ነበር፣ የታገደበትንም ጊዜ ውሉ ላይ ይጨምሩበት ነበር። እሷ ዋርነር ብራዘርስን ከሰሰች። በ1944 የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት የውል ሰባት ዓመት ማለት በቀን መቁጠሪያ ሰባት ዓመት ነው፣ የእገዳ ጊዜ አይጨመርበትም ብሎ ፈረደላት። ከዚያ በኋላ ሁለት ኦስካር አገኘች። «ፈርማለች፣ ዝም ትበል» ቢባል ኖሮ እነዚያን ፊልሞች አናይም ነበር።

የማታ ተመልካች፦ አንድ ነገር ልጨምር። «ሲኒማ ከፍታ፣ ቴሌቪዥን መነሻ» የሚለው ሐሳብም አርጅቷል። ብራያን ክራንስተን ሃምሳ ካለፈው በኋላ ነው «ብሬኪንግ ባድ»ን የጀመረው። በዚያ ሚና አራት ጊዜ በቴሌቪዥን ሽልማቱ በኤሚ ምርጥ ተዋናይ ሆኗል። ማቲው ማኮናሄ በ2014 ኦስካር ሲቀበል «ትሩ ዲቴክቲቭ» በቴሌቪዥን እየታየ ነበር። ኤለን ፖምፔዮም አለች። በ2005 የጀመረችውን «ግሬይስ አናቶሚ» ይዛ ቆይታ ፕሮዲዩሰርም ሆናለች። እሷን «ሳትወጣ ቀረች» ብሎ ማዘን ለእኔ ትርጉም የለውም።

ፊልም አሳዳጅ፦ ፖምፔዮ ስለፈለገች ቆየች፣ አከብራታለሁ። የምከራከረው መቆየት ለማይፈልገው ነው። ልቡ የሸፈተ ተዋናይ ስክሪኑ ላይ ያስታውቃል። ዓይኑ ውስጥ ምንም የለም፣ ቃሉን ብቻ ይወረውራል። እንዲህ ሆኖ ሦስት ሲዝን ከሚያደክመን ቢሄድ ለድራማውም ይሻላል።

ሲዝን ጨራሽ፦ ይሂድ፣ አልከለከልኩም። ሲዝኑን ጨርሶ፣ ደራሲዎቹ ታሪኩን በወጉ የሚዘጉበት ጊዜ ሰጥቶ ይሂድ። በአራተኛው ክፍል ላይ ለወጣ ግን አሁንም አልከራከርለትም።

ትወና ተማሪ፦ እሺ፣ ጣቢያውስ? ድራማውን መሀል ላይ ሲያቋርጥ ለተዋናዩም ለሠራተኛውም እኩል ጊዜ እንዲሰጥ ትጠይቅልናለህ?

ሲዝን ጨራሽ፦ እሱን አዎ፣ እጠይቃለሁ።