ደጀን ላይ ካብ ውስጥ የተገኘ ዛጎል፦ አባይ በረሃን የሚያውቅ ካለ

የቆላ_ዳር_ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለፋሲካ አያቴ ጋ ደጀን ሄጄ ነበር። የግቢው ካብ በከፊል ተንዶ መልሰን ስንክበው አንዱ ድንጋይ ተሰነጠቀና ከውስጡ ዛጎል የመሰለ ነገር ወጣ። የቡና ስኒ አፍ ያህላል፤ እንደ ሹሩባ መስመር መስመር አለው። ድንጋዩ ነጣ ያለ ነው፤ አያቴ በጉብዝናቸው ከገደሉ በአህያ ጭነው ያመጡት ነው። «የማየ አይኅ ነው፤ መልሰህ ካበው» አሉኝ። እኔ ግን ኪሴ ከትቼው መጣሁ (እንዳትነግሩብኝ)። ከእኛ አገር ባሕር የት ነው? ደግሞስ የሰፈሩ ድንጋይ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይሄ ብቻ ለምን ነጣ?

አዴቴው፦
አያትህን ስማ፤ ካብ እንዲያ ነው የሚፈርሰው።

ታኮ_አቀባይ፦
ወንድሜ፣ ያን ድንጋይ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ጎማ ሥር ወሽቄው አድሬያለሁ። ጂኦሎጂ ከመማሬ በፊት ሁለት ዓመት የከባድ መኪና ረዳት ነበርኩ። በረሃው ላይ ፍሬን ሲግል ሾፌሩ ያቆማል፣ እኔ ዘልዬ ወርጄ ታኮ የሚሆን ድንጋይ እፈልጋለሁ። በረሃውን የለየሁት እንዲያ ነው።

ከደጀን ቁልቁል ስትጀምር ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ለታኮ እሱን የሚያህል የለም። ዝቅ ስትል አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የአያትህ የኖራ ድንጋይ፣ ገደል ሠርቶ የቆመው። ከእሱ በታች ጄሶ አለ። ጄሶ ታኮ አይሆንም! አንድ ሌሊት አምኜው ጎማው አድቅቆት መኪናው አንድ ክንድ ያህል ሸሸ፤ ሾፌሩ የሰደበኝን እዚህ አልጽፈውም። ድልድዩ አካባቢ ስትደርስ ደግሞ ሌላ አሸዋ ድንጋይ ታገኛለህ፤ ይሄኛው ቀላ ያለ ነው።

አሁን ከታች ወደ ላይ አንብበው፤ ታች ያለው ቀድሞ የተኛው ነውና። የታችኛው አሸዋ በአብዛኛው ወንዝ ያመጣው ነው። ጠጋ ብለህ ካየኸው ውስጡ ያሉት መስመሮች ሰያፍ ናቸው፤ ወራጅ ውኃ አሸዋ እየገፋ ሲሄድ የሚተወው መልክ ነው። ከዚያ ጄሶው። ጄሶ የሚወጣው ጥልቀት የሌለው የባሕር ውኃ ተከቦ ፀሐይ ሲያተነው ነው። አንድ ወጥ ድንጋይም አይደለም፤ ከጭቃ ድንጋይ ጋር እየተፈራረቀ የተደረደረ ነው። ውኃው መጣ፣ ደረቀ፣ ደግሞ መጣ። ከአያትህ ጋር መጣላት አልፈልግም፤ ግን ጄሶ የድርቀት ሥራ ነው፣ አንድ ጎርፍ አይሠራውም። ኋላ ባሕሩ ከደቡብ ምሥራቅ ገፍቶ ገባና ኖራው ተኛ። ዛጎልህ የዚያን ጊዜ ነው፤ ወደ 160 ሚሊዮን ዓመት ግድም። ባሕሩ ሲሸሽ የላይኛው አሸዋ መጣ። ጥቁሩ ድንጋይ ገና የትናንት ነው፦ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ምድር ተሰንጥቃ የፈሰሰ ቅልጥ። የጮቄ ተራራ ከዚያም በኋላ ነው በላዩ የተቆለለው። ሰፈራችሁ የጠቆረው ከሁሉ በላይ ባለው ላይ ስለተቀመጣችሁ ነው።

ፎቶ ብትለጥፍ ጥሩ ነው። አንዱን ልባስ ከመሐል ብትከፍለው ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ብራኪዮፖድ (ሁለት ልባስ ያለው የባሕር እንስሳ) ሳይሆን አይቀርም።

መምህር_ብቸና፦
ግሩም ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እኔ ስወርድ ከጄሶው በታች ትልልቅ ጥቁር ድንጋይ አይቻለሁ። «ታች ያለው ይቀድማል» ካልን ይሄ እንዴት ይሆናል?

ታኮ_አቀባይ፦
የኔታ፣ እኔንም ያዋረደኝ እሱ ነው። ተማሪ ሳለሁ ለመስክ ሥራ ወርደን ያንኑ ጥቁር ድንጋይ እንደ አንድ ንብርብር መዝግቤ አስተማሪያችን በሰው ፊት ሳቁብኝ። ከላይ ተንዶ የወረደ ነው። ጄሶውና የጭቃ ድንጋዩ ውኃ ሲገባቸው ይላላሉ፣ በላያቸው ያለውንም ይዘው ይንሸራተታሉ። አስፋልቱ ተጠግኖ ሳይከርም የሚጎብጠውም በዚሁ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ድንጋዩ በቦታው መሆኑን እይ፦ መስመሩ ግራና ቀኝ ይቀጥላል? ማዶ በጎሐ ጽዮን በኩል በዚያው ከፍታ ገደማ ይታያል? ከሌለ ተንከባሎ የመጣ ነው።

ሌላም የሚያሳስት አለ። የላይኛው አሸዋና ጥቁሩ ድንጋይ ተነካክተው ስታያቸው የተከታተሉ ይመስላሉ። በመሐላቸው ግን ብዙ አሥር ሚሊዮን ዓመታት አሉ። ያኔ አገሩ ከባሕር በላይ ሆኖ ይታጠብ ነበር፤ የሚታጠብ መሬት ደግሞ ድንጋይ አያጠራቅምም።

የቆላ_ዳር_ልጅ፦
ከመሐል ከፈልኩት፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው! ድንጋዩን በቢላ ፍቄ ዱቄቱ ላይ ሎሚ ብጨምቅበት ትንሽ ትንሽ አረፋ አወጣ።

ታኮ_አቀባይ፦
ኖራ ነው እንግዲህ። ጄሶ ቢሆን ሎሚም ሳያስፈልግህ በጥፍርህ ትፍቀው ነበር።

የቆላ_ዳር_ልጅ፦
አያቴ ጋ ደውዬ «ባሕር ነበረ አሉ» አልኳቸው። «ታዲያ ውኃ ነው አላልኩህም?» አሉና በፍየሎቹ ጀመሩኝ። በክፍተቱ እየገቡ ጌሾውን ጨርሰውታል። በሚቀጥለው ሳምንት ድንጋዩን ይዤ እወርዳለሁ፤ ዛጎሉን ግን እኔ ጋ አስቀራለሁ።