ካዛንቺስ ሲፈርስ የፈረሰው ምኑ ነው?

አወያይ፦ በ2016 ከፒያሳ፣ በ2017 ከካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ፈርሷል። በምትኩ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና አረንጓዴ ቦታ መጥቷል። ከተማ ሲታደስ ቅርስ ተብሎ መትረፍ የሚገባው የትኛው ነው? ሳትሰዳደቡ ተከራከሩ።

የሙዚቃ ተማሪ፦ እኔን የሚቆጨኝ የአዝማሪ ቤቱ ነው። ፈንድቃን የመሰሉ ቤቶች ጥበታቸው ጉድለት አልነበረም። አዝማሪው ከበር ስትገባ ያይሃል፤ ኮትህን፣ አብራህ የመጣችውን፣ ኪስህ ውስጥ የዘገየውን እጅህን ሳይቀር በግጥም ያነሳዋል። ከጥግ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ እሱም ከማሲንቆው ጋር ይቀበለዋል። ይህን በትልቅ አዳራሽ፣ በድምፅ ማጉያ ሞክሩት እስቲ። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 የማይዳሰሰውንም ቅርስ ይለዋል። ዶዘሩ አዋጅ አያነብም እንጂ።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ወንድሜ፣ አንተ ማታ መጥተህ ካጨበጨብክበት ቤት ጀርባ እኛ ነበርን። የቀበሌ ቤት፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ የተጫነበት ቆርቆሮ፣ ለሰባት አባወራ አንድ መጸዳጃ። እናቴ ክረምት በገባ ቁጥር አልጋዋን ከሚያፈሰው ጥግ ወደማያፈሰው ትገፋ ነበር። ያን ቅርስ የሚል ሰው አንድ ሐምሌ ይደርበት።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ የሰፈሩ ስም ራሱ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች የመጣ ነው፤ ማፍረስና መሥራት ዛሬ አልተጀመረም። እኔን ደስ ያሰኘኝ አግዳሚ ወንበሩ ነው። ድሮ ደክሞኝ ልቀመጥ ብል ማኪያቶ ማዘዝ ነበረብኝ። አሁን ከልጅ ልጄ ጋር ቆሎ ይዘን ቁጭ ነው።

የሙዚቃ ተማሪ፦ አባቴ፣ ይቀመጡ፣ ደግ ነው። እህቴም፣ የሚያፈስ ጣሪያ ይቆይ አላልኩም። የእኔ ነገር የኪራይ ነው። አዝማሪ ቤት የኖረው ኪራዩ ርካሽ ስለነበር ነው። የአዲሱን ሕንፃ ምድር ቤት ባንክ እንጂ ማሲንቆ ሊከራየው አይችልም። ከሚለማው ቦታ ጥቂት ክፍል በዝቅተኛ ኪራይ ቢመደብ መንገዱ አይጠብም።

የካዛንቺስ ልጅ፦ በዚህስ እስማማለሁ። እኔ አሁን ቧንቧውም መጸዳጃውም የግሌ ነው፣ አላማርርም። የእድራችን ድንኳንና ብረት ድስት ግን አንዲት አባል በረንዳ ላይ ተቆልሎ ቀርቷል። ሰዉ ሦስት ቦታ ተበትኗል፤ ባለፈው ለቅሶ ድንኳኑን የሚጭን መኪና ስንፈልግ ቀብሩ አለፈ።