የበረዶ ሆኪ ቡድናችንን ካፒታልስን ለማየት ከፍዬ ስክሪኑ ጠቆረብኝ፤ ጨዋታው ሊጀመር ነው!

የናቲ እናት፦
ኧረ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ጨዋታው 7፡30 ላይ ይጀምራል። ልጄ ማልያውን ለብሶ ቲቪው ፊት ተገትሯል። ሆኪ በሙሉ ያሳያል የተባለ አፕ በቅርቡ ገዝቻለሁ። የሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የኛን ስከፍት ብቻ ስክሪኑ ይጠቁርና «በአካባቢዎ አይገኝም» ይላል። ቲቪውን አጥፍቼ አብርቻለሁ። ዋይፋዩንም ነቅዬ ሰክቻለሁ። ምን ይሻላል?

አራዳው፦
«የኛ» ማን ነው? ጊዮርጊስ ሆኪ ጀመረ እንዴ?

ነቅለህ ሰካው፦
አፑን ሰርዢና መልሰሽ ጫኚ። ለእኔ ሁሌም ይሠራል።

ቬጋስ ታክሲ፦
ከተማሽን ሳትነግሪን ምን ብለን እንመልስ? እዚህ ቬጋስ ብትሆኚ ኖሮ ጭንቀት የለም። የኛ ሆኪ ቡድን ጎልደን ናይትስ ከ2023 ጀምሮ በነፃ ቻናል ነው የሚታየው። ተራ አንቴና ግድግዳው ላይ ትለጥፊና ቻናል 34 ትከፍቻለሽ። ወርሃዊ ክፍያ የለ፣ ፓስዎርድ የለ። ኑ ወደ ቬጋስ።

የናቲ እናት፦
አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነን። የዋሽንግተን ዲሲው ካፒታልስ ነው እንጂ ሌላ ማን ሊሆን ነው! አፑን ሰርዤ ጭኛለሁ፣ ያው ነው። ገንዘቤን ይመልሱልኝ ይሆን?

ኮሎምቢያ ፓይክ፦
እህቴ፣ አፑ አልተበላሸም። የገዛሽው ከክልል ውጭ ላለ ደጋፊ የተሠራ ጥቅል ነው። ዴንቨር ወይም አትላንታ የሚኖር የካፒታልስ ደጋፊ በሱ ያያል። አንቺ ግን የቡድኑ ደጃፍ ላይ ነው ያለሽው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ሰው ካፒታልስን በዚያ ጥቅል እንዳያይ ይዘጋበታል። ብላክአውት የሚሉት ይሄንኑ ነው። አፑ የት እንዳለሽ የሚያውቀው በኢንተርኔትሽ አድራሻ ነው። ስለዚህ መሰረዝና መጫን ለውጥ አያመጣም።
ለእናንተ ሰፈር የሚሆነው ሞኑመንታል ስፖርትስ ኔትወርክ ነው። ኬብል ካለሽ ቻናሉን ፈልጊው። ከሌለሽ የራሱ አፕ አለው፣ ሲጀመር በወር 19.99 ዶላር ነበር።

ነቅለህ ሰካው፦
የቲቪውን ሶፍትዌር አፕዴት አድርጊ። ከዚያ ነቅለሽ ሰላሳ ሰከንድ ጠብቀሽ ስኪው።

መምህሩ፦
ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል። የሆኪው ሊግ (ኤንኤችኤል) 32 ቡድኖች አሉት፤ 25ቱ አሜሪካ፣ 7ቱ ካናዳ። የቴሌቪዥን መብቱ ሦስት ቦታ ይከፈላል። የመጀመሪያው የሀገር አቀፉ ነው። እሱ ከ2021 የውድድር ዘመን ጀምሮ ለሰባት ዓመት ለኢኤስፒኤን፣ ለኤቢሲና ለቲኤንቲ ተሽጧል። ሁለተኛው እያንዳንዱ ቡድን ለአካባቢው ቻናል የሚሰጠው ነው። አብዛኛው ጨዋታ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ሦስተኛው ለሩቅ ደጋፊ የሚሸጠው ጥቅል ነው። የአካባቢው ቻናል ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ስለሚገዛ፣ ሦስተኛው ገበያውን እንዳይሻማው የሰፈሩ ሰው ይዘጋበታል።
ዋሽንግተን ውስጥ ይህ ቻናል ድሮ ኤንቢሲ ስፖርትስ ዋሽንግተን ይባል ነበር። የቡድኑ ባለቤት የቴድ ሊዮንሲስ ኩባንያ ጠቅልሎ ገዛውና በ2023 ስሙን ሞኑመንታል አለው። ማለትም ዛሬ ቡድኑም፣ ቻናሉም የአንድ ቤት ናቸው። ቡድኑ በ1974 ነው የተመሠረተው። የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን ያነሳው ግን በ2018 ነው፣ ቬጋስን 4 ለ 1 አሸንፎ። (ቬጋስ ታክሲ ይቅርታ።) የቡድኑ አጥቂ ኦቬችኪንም ኤፕሪል 6 ቀን 2025 በኒውዮርክ አይላንደርስ ላይ 895ኛ ጎሉን አግብቶ የዌይን ግሬትዝኪን የ894 ጎል ክብረ ወሰን አልፏል። ይህንንም ስናስብ...

አራዳው፦
መምህር፣ የሴትዮዋ ቤት እየተቃጠለ አንተ የእሳትን ታሪክ ትተርካለህ። 7፡05 ሆኗል!

ቬጋስ ታክሲ፦
2018ን ማንሳት ምን አስፈለገ? በ2023 እኛም ዋንጫ በልተናል።

ሳጥን አለኝ፦
እህቴ ለምን ትሰቃያለሽ? ቲቪ ላይ የሚሰካ፣ በዓመት አንዴ የሚከፈልበት ሳጥን አለ። የሀገር ቤት ቻናል፣ ፊልም፣ ኳስ፣ ሆኪ፣ ሁሉም አለበት። በውስጥ መስመር አውሪኝ።

ኮሎምቢያ ፓይክ፦
በውስጥ መስመር አታውሪው። ያ ሳጥን የተሰረቀ ሥርጭት ነው። ዓመቱን ከፍለሽ በሁለተኛው ወር ይጠፋል፤ ሻጩም ስልክ አያነሳም። የባንክ ካርድሽንም ለማታውቂው ሰው ነው የምትሰጪው።

ሳጥን አለኝ፦
የኔ እስካሁን አልጠፋም።

አዋሬ፦
ቪፒኤን ብትጠቀምስ? ዴንቨር ያለች አስመስላ።

ኮሎምቢያ ፓይክ፦
ብዙዎቹ አፖች ቪፒኤን ያውቁበታል፣ ውላቸውም አይፈቅድም። በዚያ ላይ አሁን ልጁ ፊት ቆማ ቲቪ ላይ ቪፒኤን ልትጭን ነው?

አዋሬ፦
ሐሳብ ነው ያቀረብኩት። ለመሆኑ 7፡30 ማለት ቀን ነው ማታ? እኔ አዲስ አበባ ነኝ።

አራዳው፦
በእነሱ ማታ ነው። በክረምታቸው ሰዓት ላንተ ከሌሊቱ 9፡30 ይሆናል። ተኛ።

የናቲ እናት፦
የሞኑመንታልን አፕ እያወረድኩ ነው። ካርድ እየጠየቀኝ ነው። ልክፈል?

የሌሊት ፈረቃ፦
ቆይ ቆይ፣ እንዳትከፍዪ! ዛሬ ረቡዕ ነው። ረቡዕ ማታ ቲኤንቲ ጨዋታ የሚያሳይበት ቀን ነው። የቡድኑን የጨዋታ ፕሮግራም ክፈቺና ከዛሬው ጨዋታ ጎን ምን እንደተጻፈ እዪ። ቲኤንቲ ብቻ ከተጻፈ ሞኑመንታል ላይ ብትከፍዪም ጨዋታውን አታገኚውም። ለሀገር አቀፍ ቻናል ብቻ የተሰጠ ጨዋታ የአካባቢው ቻናል ላይ አይወጣም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ አንዱን አፕ ገዝቶ ሁሉንም ጨዋታ የሚያይ ይመስለዋል።

የናቲ እናት፦
አየሁት። ቲኤንቲ ብቻ ነው የሚለው። ሌላ ነገር የለም። ቲኤንቲ ደግሞ ምን ያህል ነው? ስንቱን ልግዛ?

ነቅለህ ሰካው፦
ራውተሩንም ነቅለሽ ሞክረሻል?

አባ መላ፦
ልጄ፣ ቅር አይበልሽና ነገ ትምህርት ቤት አይደለም እንዴ? እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ የሆኑ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ መሐሉ ላይ ሁለት ረጅም ዕረፍት አለ። 7፡30 የተጀመረ ጨዋታ 10 ሰዓት ድረስ ይወስዳል። ልጁ ነገ ክፍል ውስጥ ሊያንቀላፋ ነው። ጠዋት የጎሎቹን ቪዲዮ ሊጉ ራሱ ዩትዩብ ላይ በነፃ ይለቀዋል። ቁርሱን እየበላ ይየው።

የናቲ እናት፦
ጋሼ፣ ልጁ ራሱ ሆኪ ይጫወታል። አሠልጣኙ የተከላካዮቹን አቋቋም እዩ ብሎ የቤት ሥራ ሰጥቷቸዋል። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አይቶ ይተኛል።

አራዳው፦
የሐበሻ ልጅ በበረዶ ላይ! እኛ እኮ ብርድ ሲመጣ ጋቢ ነው የምናወጣው።

የሌሊት ፈረቃ፦
ለዛሬ ብቻ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ስሊንግ የሚባለው፣ ቻናሎችን በኢንተርኔት የሚያሳየው አገልግሎት ነው። የአንድ ቀን ማለፊያ ይሸጣል፣ በ2025 ሲጀምረው 4.99 ዶላር ነበር። ኦሬንጅ የሚባለውን ምረጪ። ቲኤንቲም ኢኤስፒኤንም እሱ ውስጥ አሉ። ሁለተኛው የኤችቢኦ ማክስ አፕ ነው። የቲኤንቲ ሆኪ እዚያም ይተላለፋል። ግን ርካሹን ጥቅል ከያዝሽ ስፖርቱ መካተቱን አንብቢ። ሁሉም ጥቅል ላይ የለም።
ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ። ቤታችሁ ኬብል የለም?

የናቲ እናት፦
ኬብልማ አለን። ከቤት ኪራዩ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። እኛ የሀገር ቤት ቻናል በኢንተርኔት ስለምናይ የኬብሉ ሳጥን ቁምሳጥን ውስጥ ነው።

የሌሊት ፈረቃ፦
በእመቤቴ!

ኮሎምቢያ ፓይክ፦
ይህን መጀመሪያ ብትነግሪን ኖሮ አሁን ሻይ እየጠጣሽ ነበር። ኬብል ካለሽ ቲኤንቲ ብዙ ጊዜ መደበኛው ጥቅል ውስጥ አለ። ሳጥኑን አውጪ።

የሌሊት ፈረቃ፦
ሳጥኑን ለመሰካት ጊዜ ከሌለሽ እሱም አያስፈልግም። ቲቪው ላይ የቲኤንቲን አፕ ጫኚ። «በቲቪ አቅራቢዎ ይግቡ» የሚል ቦታ አለው። የኬብል ድርጅታችሁን ስም መርጠሽ በዚያ አካውንት ትገቢያለሽ። ቲቪው ኮድ ይሰጥሽና ስልክሽ ላይ ታስገቢዋለሽ። ተጨማሪ ክፍያ የለውም። የሞኑመንታል አፕም እንዲሁ ነው። ቻናሉ ኬብላችሁ ጥቅል ውስጥ ካለ ሁለተኛ ጊዜ መክፈል የለብሽም። ከሌለ ግን ጥቅሉን ከማሳደግና አፑን ለብቻ ከመግዛት የቱ እንደሚረክስ አስሊ። አንዳንድ ድርጅት የአካባቢ ስፖርት ቻናሎችን ወደ ውዱ ጥቅል ያወጣቸዋል።
የኬብሉ አካውንት በማን ስም ነው? ፓስዎርዱን ታውቂዋለሽ?

የናቲ እናት፦
በባለቤቴ ስም ነው። ሥራ ላይ ነው፣ ኡበር እየነዳ። ስልክ አያነሳም። ሳጥኑን አገኘሁት። ሪሞቱ ግን የለም።

አራዳው፦
ሪሞቱ ሶፋው ሥር ነው። ያለ ጥርጥር።

አባ መላ፦
እኛም ቤት ሁሌ ሶፋው ሥር ነው የሚገኘው።

ነቅለህ ሰካው፦
ሳጥኑን ከሰካሽ በኋላ እስኪነሳ ትንሽ ይቆያል። አትንቀዪው። (ይህን እኔ መናገሬ ይመዝገብልኝ።)

የሌሊት ፈረቃ፦
ሳጥኑ ላይ ያሉት ቁልፎችም ቻናል ሊቀይሩ ይችላሉ። ካልሆነም ብዙዎቹ የኬብል ድርጅቶች ስልክ ላይ ሪሞት የሚሆን አፕ አላቸው።

መምህሩ፦
ለሌሎቻችሁ ልጨምር። ቅዳሜ ኤቢሲ ላይ የሚተላለፍ ጨዋታ ካለ ዲሲ አካባቢ በአንቴና ቻናል 7 ላይ በነፃ ይታያል። ደግሞ ኤፕሪል ላይ ለሞኑመንታል የዓመት ክፍያ አትክፈሉ። መደበኛው ውድድር ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ያልቃል። ከዚያ በሚቀጥለው የዋንጫ ማጣሪያ (ፕሌይኦፍ) የመጀመሪያው ዙር የአካባቢው ቻናልም ያሳያል። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ግን ሁሉም ወደ ሀገር አቀፎቹ ይሄዳል። የፍጻሜው ጨዋታ ደግሞ በየዓመቱ ይፈራረቃል፤ በ2024 ኤቢሲ ነበር፣ በ2025 ቲኤንቲ።

አራዳው፦
ይኼን ነበር መጀመሪያ የምንፈልገው፣ መምህር።

ዳላስ ነኝ፦
እኛ ጋ የሆኪ ቡድናችን ስታርስ ቪክቶሪ ፕላስ በሚባል አፕ በነፃ ነው፣ ከ2024 ጀምሮ። ኢሜይል ብቻ ነው የሚጠይቀው። ማስታወቂያው ይበዛል እንጂ አሪፍ ነው። የሀገር አቀፎቹን ጨዋታዎች ግን እሱም አያሳይም።

ሲያትል ዝናብ፦
የኛ ቡድን ክራከንም ከ2024 ወዲህ ብዙው ጨዋታ ኪንግ 5 ወይም ኮንግ በሚባሉት ቻናሎች ላይ ነው፣ በአንቴና። አማዞን ፕራይም ያለው ሰው በዚያም ያያል፣ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከሆነ። ዲሲዎች፣ በርቱ።

ቬጋስ ታክሲ፦
አላልኳችሁም? አንቴና!

ማታ ማታ ሹፌር፦
ለናቲ አባትም አንድ ነገር። መኪና ውስጥ ካፒታልስን በሬዲዮ 106.7 ላይ መስማት ይቻላል። የጨዋታው ተራኪ ጆን ዋልተን ነው። እኔ ሆኪ የለመድኩት እንደዚያ ነው፣ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ። ቲቪ ከሌለም ልጁን ከሬዲዮ ጋር ጎሉ አያመልጠውም። አንዳንድ ጨዋታ ላይ የሌላ ስፖርት ሥርጭት ከተደራረበ ወደ ቡድኑ የራሱ የኢንተርኔት ሬዲዮ ዙሩ።

ኮሎምቢያ ፓይክ፦
የናቲ እናት፣ 7፡50 ሆነ። ተሳካ?

አራዳው፦
ዝም ካለች አንድም እያየች ነው፣ አንድም ሶፋውን እየገለበጠች ነው።

ፌርፋክስ፦
ይቅርታ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። የኔ ትንሽ ይለያል። የምኖረው እዚሁ ፌርፋክስ ነው፣ ሞኑመንታልንም ከፍያለሁ። አፑ ግን «ከክልሉ ውጭ ነዎት» ይለኛል። ኢንተርኔቴ የስልክ ድርጅት ያመጣው ሽቦ አልባ ሳጥን ነው።

የሌሊት ፈረቃ፦
ምክንያቱ እሱ ነው። በስልክ ኔትወርክ የሚሠራ የቤት ኢንተርኔት አንዳንዴ ሌላ ከተማ ያለ አስመስሎ ያሳይሃል። መጀመሪያ አፑን ስልክህ ላይ ክፈትና የአካባቢ ፈቃዱን አብራ። ዋይፋዩን አጥፍተህ በስልኩ ዳታ ሞክር። እዚያ ከሠራ ችግሩ የኢንተርኔቱ አድራሻ ነው። ድርጅቱን ደውለህ ሞደሙ የተመዘገበበት አድራሻ ያንተ መሆኑን አረጋግጥ። የአፑን ድጋፍ ሰጪም ጻፍላቸው፣ ዚፕ ኮድህን ጨምረህ።

ነቅለህ ሰካው፦
እሱን ሳጥን ነቅለህ ብትሰካው አዲስ አድራሻ ሊሰጥህ ይችላል።

የሌሊት ፈረቃ፦
ይገርማል፣ እዚህ ላይ ልክ ነው። እንዲህ ዓይነት ኢንተርኔት ላይ አንዳንዴ ይሠራል።

ነቅለህ ሰካው፦
ስክሪንሹት አንስቼዋለሁ።

አዋሬ፦
የቅርጫት ኳሱ ቡድን ዊዛርድስስ በዚሁ ነው የሚታየው? የአጎቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ጠይቅልኝ ብሎኛል።

ኮሎምቢያ ፓይክ፦
አዎ፣ ያው ሞኑመንታል ነው። ባለቤቱም አንድ ነው። የሀገር አቀፎቹ ቻናሎች ግን የተለዩ ናቸው፣ ቅርጫት ኳስ የራሱ ውል አለው። ከመክፈሉ በፊት ኬብል እንዳለው ጠይቀው። ቁምሳጥኑንም ይይ።