ከኦስቲን እስከ አላስካ በሳይክል፦ ስለ ኮርቻ፣ ስለ ጾምና ስለ እናቴ ምክራችሁን

ጥያቄ (ተማሪ፣ ኦስቲን)

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ኦስቲን፣ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው። ቴክሳስ 4000 የሚባለውን ጉዞ ተቀላቅያለሁ። የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምረው በየክረምቱ ከኦስቲን ተነስተው አላስካ፣ አንኮሬጅ ድረስ በሳይክል ይሄዳሉ። ከ4,000 ማይል በላይ ነው፤ 70 ቀን ገደማ ይፈጃል። የሚሰበሰበው ገንዘብ ለካንሰር ምርምርና ለታማሚዎች ድጋፍ ይውላል።

ሦስት ነገር ቸግሮኛል። ልምምድ ላይ 40 ማይል ሳልደርስ መቀመጫዬ ይላላጣል። ጉዞው ደግሞ የሰኔን ጾም ይዞ ነው የሚያልፈው፤ ምን እየበላሁ ልንዳ?

ሦስተኛው ይከብዳል። እያንዳንዳችን 4,500 ዶላር ማሰባሰብ አለብን። እኔ የምነዳው ለአክስቴ ነው። ደሴ እያለች በጡት ካንሰር ነው ያረፈችው። ለቅሶ ቤት ግን «ጨጓራዋን ነበር» ተባለ። እናቴ ዛሬም የበሽታውን ስም አትጠራም። የእርዳታ መጠየቂያው ላይ ስለ አክስቴ ልጽፍ ነው ስላት «ገመናችንን አደባባይ ልታወጪው ነው?» ብላ አለቀሰች። ምን ላድርግ?

መልስ (የመቀሌ ልጅ፣ ሲያትል)

አይዞሽ እህቴ። የኮርቻው ነገር መፍትሔ አለው። ስፖንጅ ያለው የሳይክል ቁምጣ ያለ ፓንት ነው የሚለበሰው። ይህን የሚነግር ሰው ስለሌለ ብዙ ጀማሪ በፓንቱ ስፌት ይላላጣል። ከመውጣትሽ በፊት ለሳይክል ነጂ የሚሸጠውን ቅባት ተቀቢ፤ እንደደረስሽ ቁምጣውን ወዲያው አውልቂና ታጠቢ።

ከዚያ የኮርቻውን ቁመት እዪ። ግድግዳ ተደግፈሽ ተቀመጪና ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት። በእግርሽ የፊት ክፍል ስትረግጪ ያኔ ጉልበትሽ በመጠኑ ይታጠፋል። ከኋላሽ የሚነዳ ጓደኛሽ ዳሌሽ ግራ ቀኝ እንደሚወዛወዝ ካየ፣ ኮርቻው ከፍ ብሏል ማለት ነው። የሚልጥሽም እሱ ነው። ወፍራምና ለስላሳ ኮርቻ እንዳትገዢ፤ ለሰፈር ይመቻል፣ ለረጅም መንገድ ግን የባሰ ይፈገፍጋል።

በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ ጽጋቡ ግርማይ፣ የኛ ከተማ ልጅ ነው። አንቺም አላስካ ትደርሻለሽ።

መልስ (ሯጭ የነበረ፣ ዳላስ)

ለጾሙ በሶ አለልሽ! ጩኮ ቅቤ ስላለበት ይቅር። በሶውን በውሃ፣ በትንሽ ዘይት፣ በማርና በጨው ጠንከር አድርገሽ ለውሺው። የእንቁላል ያህል እያድበለበልሽ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ የጀርባ ኪስሽ ውስጥ ክተቺ። ቴምርም ያዢ። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ጉረሺ። ራበኝ እስክትዪ ከጠበቅሽ ጉልበትሽ ከድቶሻል። ሆድሽ እንዲለምደው ከአሁኑ ልምምድ ላይ ጀምሪ። ለቴክሳስ ሙቀት ባዶ ውሃ አይበቃም፤ ጨውና ስኳር ጣል አድርጊበት።

እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጾሚ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ደክሞሽ ሥጋ ብቻ ቀርቦ እንዳታገኚ፣ ለቡድኑም ቀድመሽ ንገሪ።

መልስ (እናት፣ ጋርላንድ)

ልጄ፣ እኔም ጡቴን ታምሜ ድኛለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለእህቶቼ እንኳ አልተናገርኩም። ሻሼን አስሬ ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር፤ «ከሳሽ» ሲሉኝ «ጾሙ ነው» እል ነበር። ሰው ምን ይላል ብዬ ብቻ እንዳይመስልሽ። «በዘራቸው አለ» ተብሎ ልጄ ባል ታጣለች ብዬ ነው። እናትሽም የምትፈራው ላንቺ ይሆናል።

ሐኪሜ በኋላ እንደነገረችኝ፣ በዘር ከሚተላለፍ ጉድለት የሚመጣው የጡት ካንሰር ከመቶ ከ5 እስከ 10 ያህሉ ነው። ይህን ለእናትሽ ንገሪያት። አንቺም ለሐኪምሽ የአክስትሽን ነገር አትደብቂ። ያ ገመና አይደለም፣ ለጤናሽ ነው።

ገንዘቡን ለጊዜው ተዪው። ቡና አፍልተሽ «አክስቴ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» በያት። እስክትጨርስ አታቋርጫት። ስሟን አትጻፊ ካለች «አክስቴ» ብለሽ ጻፊ፤ ይበቃል። ሌላው ይደርሳል። ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅደሽ ከቅዳሴ በኋላ ቡና አፍልታችሁ ሽጡ። ዕድሩንም ጠይቂ። የኛ ሰው አምስትም አሥርም እያለ ይሞላዋል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮርቻውን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አደረግኩት፤ ቅዳሜ 50 ማይል ነድቼ አልተላላጥኩም።

እሑድ ቤት ሄጄ ቡና አፈላሁ። እናቴ እስከ ሦስተኛው ድረስ ስለ አክስቴ አወራች። በየጠዋቱ ከመነሳታችን በፊት ክብ ሠርተን ለማን እንደምንነዳ እንደምንናገር ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «አትጻፊው፤ እዚያ ግን ስሟን ጥሪላት» አለችኝ።

ገብሱን ራሷ ልትቆላልኝ ነው። ለ70 ቀን ስንት ኪሎ በሶ ልበላት?