የተራ ማስታወሻው ዳታቤዝ፦ ከጉባኤው በፊት ሐሳባችንን እናጥራ

ሲስተሙን የምከታተለው አባል
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ላይ ለጀልባ ማኅበራችን ጉባኤ ከምናቀርበው ዕቅድ የቀረው የዳታቤዙ ክፍል ነው። አሁን ኳርትዝ (ለተረኛው ጀልባ ነጂ የተራ ሜሴጅ እንዲላክ በሰዓቱ የሚያስነሳልን ሶፍትዌር) የሥራ ዝርዝሩን የሚይዘው በሰርቨሩ ሜሞሪ ላይ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ለዘጌ ጉዞ በቀኑ ያስገባነው የተራ ለውጥ ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ባለፈው ተረኛው ሳይነገረው ቀርቶ እንግዶቹ ወደቡ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ቆዩ። ይቅርታ የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ፣ እስካሁን ይከነክነኛል።

ስለዚህ ፖስትግሬስ የሚባለውን የዳታቤዝ ሶፍትዌር እንጫን፤ ነፃ ነው። ከኳርትዝ ጋር የሚመጣው ፋይል 11 ቴብል (ሠንጠረዥ) ይፈጥራል። ሥራው፣ ሰዓቱና የትኛው ማሽን እንደያዘው እዚያ ይጻፋል፣ ሰርቨሩ ሲነሳም ከዚያው ያነባል። ተጠባባቂውን ሰርቨር በክላስተር (ሁለቱ አንድ ዳታቤዝ እየተጋሩ) ካገናኘነው አንዱ የያዘውን ሌላው አይነካም፤ ሁለቴ ሜሴጅ መላክ ይቀራል። የሁለቱ ሰዓት ግን በየጊዜው መስተካከል አለበት፣ ልዩነቱ ከ1 ሰከንድ እንዳያልፍ። ከዳታቤዙ ጋር የሚከፈተው ኮኔክሽን 13 ይሁን፦ ለ10 ትሬድ (ጎን ለጎን ለሚሄድ የሥራ መስመር) 10፣ መጠባበቂያ 3።

ሒሳብ ያዥ
ወንድሜ፣ ከቁጠባው ዳታቤዝ ጋር ለምን አንድ ላይ አናደርገውም? ሁለት መጠበቅ ይከብዳል።

ሲስተሙን የምከታተለው አባል
እህቴ፣ ፖስትግሬሱ አንድ ይሁን፣ ዳታቤዙ ግን ይለይ። ተራው ተበላሽቶ ከትናንት ባክአፕ ስንመልስ የዛሬው የቁጠባ ገቢ አብሮ እንዳይጠፋብን።

ጀልባ ነጂ
መብራቱ ሲመጣ ያለፈው ሜሴጅ ይላካል ወይ? ክብራን ገብርኤል ደርሼ «ተራህ ነው» ብትሉኝ ምን ይረባኛል?

ሲስተሙን የምከታተለው አባል
ጋሼ፣ ትልቁን ነገር አነሱ። ኳርትዝ ካልተነገረው በቀር ከ60 ሰከንድ በላይ የዘገየን ሥራ እንዳመለጠ ይቆጥረዋል፣ በክሮን (በተወሰነ ቀንና ሰዓት በሚደጋገም መርሐ ግብር) የተያዘ ከሆነም ሰርቨሩ እንደተነሳ አንዴ ይሠራዋል። ለወርሃዊው መዋጮ ጥሩ ነው፣ ዘግይቶም ይጠቅማል። ለተራው ግን «ካመለጠ ይለፈው» ብለን እንሙላ። ያኔ ሰው ደውሎ መንገር አለበት፤ የዕለቱ አስተባባሪ ይሁን፣ በዕቅዱም ይጻፍ።

ሰዓቱንም አደራ። እኛ ንጋት 11 የምንለው ለኳርትዝ 5 ነው። 11 ብለን ከጻፍን ሜሴጁ ረፋድ 5 ላይ ይደርሳል፣ ጀልባው ከሄደ በኋላ ማለት ነው። የሰዓት ቀጠናውም አዲስ አበባ ተብሎ በግልጽ ይሞላ።

ሒሳብ ያዥ
እሺ፣ ይለይ። የባክአፑን ዲስክ በበጀቱ አስገባዋለሁ።

ጀልባ ነጂ
የሚደውለው ሰው ከተጻፈ እኔም ተስማምቻለሁ።