የሕግ ቢሮ ኢንተርን ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሳገላብጥ መዋል ጤነኛ ነው?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ሰዎች። የመጨረሻ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ፣ አንድ የጥብቅና ቢሮ ለልምምድ ገብቻለሁ። ስገባ ያሰብኩት ችሎት፣ ክርክር ምናምን ነበር። ጠዋት ስደርስ የቀኑ ቀጠሮዎች ዝርዝር ይሰጠኛል፣ መዝገቦቹን ከመደርደሪያ አወጣለሁ፣ የጎደለ ገጽ ካለ አያለሁ፣ ኮፒ አደርጋለሁ። ጠበቆቹ ሲወጡ ቢሮው ጭር ይላል። ከዚያ ስካን። ከዚያ አሁንም ስካን። ከሰዓት አንዱ ጠበቃ ከክንዴ የሚወፍር ፋይል ያስታቅፈኝና "የሆነውን ነገር በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጪልኝ" ይለኛል። ባለፈው ደግሞ ደንበኛ ሲመጣ ማስታወሻ እንድይዝ አስገቡኝ፤ ሰውየው ስለ ወንድሙ ክፋት ሲያወራ ቆይቶ ዋናው ጉዳይ ሳይገባኝ ተነሥቶ ሄደ።

ይሄ የተለመደ ነው ወይስ ተላላኪ አድርገውኝ ነው? አሁን ደግሞ ስለ ይርጋ (ክስ ለማቅረብ ሕጉ ስለሚሰጠው የጊዜ ገደብ) ሜሞ፣ ማለትም ለጠበቃው የሚቀርብ የሕግ ማብራሪያ፣ ጻፊ ተብያለሁ፤ ቻትጂፒቲን ስጠይቀው አሪፍ አሪፍ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ዘረዘረልኝ፣ ልጠቀማቸው? ለትምህርት ክፍሌ የማቀርበው ሪፖርት ላይስ ስላየኋቸው ጉዳዮች ምን ያህል መጻፍ ይቻላል?

ሦስተኛ ወንበር፦
ኧረ እህቴ ተመስገን በይ። እኔ ያለሁበት ቢሮ መዝገቡን ራሱ አያሳዩኝም። ስልክ አንሺ ነኝ።

የድሮ ጠበቃ፦
ስካኑን ተይውና ያን "በቀን አስቀምጪ" ያሉሽን ሥራ አትናቂው። እኛ ዘንድ አዲስ ሰው የሚለካው በእሱ ነው። አራት ዓምድ ሥሪ፦ ቀኑ፣ የሆነው ነገር፣ ከየትኛው ሰነድ ስንተኛ ገጽ እንዳገኘሽው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላው ወገን ያምነዋል ወይስ ይክደዋል። አራተኛውን ብዙ ተማሪ ይዘለዋል፤ ጭቅጭቁ ያለው ግን እዚያ ነው። ሁለቱም ወገን ያመኑትን ነገር ለማስረዳት ምስክር ሲጠሩ የሚውሉ ጠበቆች አይቻለሁ፣ ዳኛውን ከማሰልቸት በቀር ምንም አያተርፉም።

ምሳሌ ልስጥሽ። የሽያጭ ውል አለ፣ ሻጩን ወክሎ የፈረመ ሰው አለ፣ የውክልና ሰነድም አለ። ለየብቻ ስታያቸው ሁሉም ደህና ናቸው። በቀን ስትደረድሪያቸው ግን ውክልናው የተሰጠው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሆኖ ቁጭ ይላል! በዚህች ብቻ ጉዳዩ መልኩን ይቀይራል፤ ሻጩ ውሉን በኋላ አጽድቆታል ወይ ወደሚለው ትሄጃለሽ ማለት ነው። ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢንተርኑ ብቻ ነው፣ ይህን ልንገርሽ።

ደንበኛውን በተመለከተ፦ ሰው ጠበቃ ጋ የሚመጣው ንዴቱን ይዞ ነው። ስለ ወንድሙ እያማረረ በመሀል ጣል የሚያደርጋቸውን ነገሮች ያዢ። "የዚያን ቀን አብረን ባንክ ሄድን" ካለ ሰነድ አለ። "እሷም ነበረች" ካለ ምስክር አለች። ሰውየው ያለውንና አንቺ የገመትሽውን ደግሞ ለይተሽ ጻፊ፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ማስታወሻሽን ቆይቶ የሚያነበው ጠበቃ የማን ቃል እንደሆነ አያውቅም።

ተመራቂ፦
እኔ በከፊል አልስማማም። ስካንም ትምህርት ነው እየተባለ ስንቱ ተማሪ ያለ ደሞዝ ጸሐፊ ሆኖ ይቀራል። የእኔ የልምምድ ጊዜ ያለቀው ኮፒ ማሽን አጠገብ ቆሜ ነው፣ ስለዚህ አታባብሏት።

ግን "ሥራ ስጡኝ" ብለሽ በደፈናው አትጠይቂ። ሥራ ለበዛበት ሰው ላንቺ የሚሆን ሥራ መፈለግ ራሱ ሌላ ሥራ ነው። በቅርቡ ለክሱ መልስ የሚገባበትን አንድ መዝገብ አንብበሽ "የመከላከያ መልሱን ልሞክረው፣ ባትጠቀሙበትም ግድ የለኝም" በያቸው። ከዚያ እነሱ ያስገቡትንና ያንቺን ጎን ለጎን አድርገሽ አንብቢ። ቁጭ ብሎ የሚያርምሽ ሰው ባይገኝም ልዩነቱ ይታይሻል። ችሎትም ቢሆን በብዙ አገር በመርሕ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ከኋላ ተቀምጦ ለማየት የጥብቅና ፈቃድ አይጠየቅም። ክርክር ጠብቀሽ ሄደሽ ቀጠሮ ብቻ ተቀይሮ ብትመለሺ ግን እንዳይገርምሽ።

ሕግና ኮምፒውተር፦
የቻትጂፒቲውን ጥያቄ ሁሉም ዘለለው። እንዳትነኪው! በፈረንጆቹ 2023 ኒውዮርክ የሚገኝ ፌዴራል ፍርድ ቤት ምን እንደሆነ አንብቢ። አንድ መንገደኛ አቪያንካ የተባለውን አየር መንገድ ከሰሰ፣ ጠበቆቹም ቻትጂፒቲ የሰጣቸውን ውሳኔዎች ጠቅሰው አስገቡ። የአየር መንገዱ ጠበቆች ውሳኔዎቹን ቢፈልጉ ቢፈልጉ የሉም። ለካ ማሽኑ ፈጥሯቸው ነው። ጠበቃው "ይህ እውነተኛ ውሳኔ ነው?" ብሎ ያጣራው እኮ መልሶ ያንኑ ማሽን ጠይቆ ነው፣ እሱም አዎ አለው 😅 መጨረሻ ላይ 5,000 ዶላር ተቀጡ፣ በፈጠራዎቹ ላይ ስማቸው ለተጠቀሰው ዳኞችም ደብዳቤ እንዲጽፉ ታዘዙ። ስለዚህ በዓይንሽ ያላነበብሽውን ውሳኔ አትጥቀሺ። የደንበኛን ሰነድም እዚያ ላይ አትለጥፊ፣ ያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ሜሞው ላይ መልሱን መጀመሪያ አድርጊው፣ ምክንያቱ ይከተል። ይርጋ ከሆነ ጊዜው ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል ከሚለው ተነሺ፤ አብዛኛው ክርክር የሚያልቀው እዚያ ነው። ቀጥሎ የሚያቋርጠው ነገር አለ ወይ? ባለዕዳው ዕዳውን ያመነበት ደብዳቤ ወይም በከፊል የከፈለበት ደረሰኝ ከተገኘ፣ በብዙ አገር ሕግ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ደንበኛችሁን የሚጎዳ ነገር ካገኘሽም ከፊት አስቀምጪው። ጠበቃ ችሎት ቆሞ ከሚሰማው ካንቺ ቢሰማው ይሻለዋል።

ጀማሪዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ፋይሉን በአራት ዓምድ እንደገና ጀምሬዋለሁ፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ረዘመ ግን ደስ ይላል። ሪፖርቱስ? ስም ካጠፋሁ በቂ ነው?

የድሮ ጠበቃ፦
አይበቃም። ስሙን አጥፍተሽ የድርጅቱን ዓይነት፣ የገንዘቡን ልክና ፍርድ ቤቱን ከተውሽ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይደርስበታል። ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታው የጠበቃው ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ቢሮው ውስጥ ፋይል የሚነካ ሁሉ አለበት፤ ልምምዱ ሲያልቅም አብሮ አያልቅም። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ደንበኛው ያወራነውም ከዚህ እንዳያልፍ፣ እኔንም ጨምሮ ነው የምለው።

ሪፖርቱን በሕጉ ጥያቄና በሠራሽው ሥራ ዙሪያ ጻፊው። "የውክልና ሥልጣን ያከራከረበት የሽያጭ ጉዳይ ላይ የሰነዶች ቅደም ተከተል አዘጋጅቻለሁ፣ የሚነሣው የሕግ ጥያቄ ይህ ነው" ብትዪ መምህርሽም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከማስገባትሽ በፊት ለጠበቃው አሳዪው። አንድ ሌላ ነገር፦ ፋይል ስትከፍቺ የምታውቂው ሰው ስም ካጋጠመሽ፣ ዘመድ ይሁን የድሮ አሠሪ፣ ማንበብሽን አቁሚና ለኃላፊው ንገሪ። ፋይሉን ለሌላ ሰው ይሰጡታል፣ ማንም አይቆጣሽም።