የኬኔል ክለብ ወረቀት ለቡልዶግ ቡችላ ጤና ዋስትና ይሆናል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለንደን ነው። ለልጄ ውሻ ልገዛለት ቃል ስለ ገባሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የእንግሊዝ ቡልዶግ ቡችላ ልናይ ሄደን ነበር። አርቢዋ የኬኔል ክለብን (የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበውን የብሪታንያ ድርጅት) የምዝገባ ወረቀት አውጥታ፣ ቡችላዋ የዝርያውን መስፈርት ስለምታሟላ ስለ ጤናዋ እንዳላስብ ነገረችኝ። እናቲቱ ግን ከበሩ እስከ ሶፋው እንኳ ስትራመድ፣ ነቅታ ሳለች ታንኮራፋ ነበር። ቀብድ የምከፍለው ሐሙስ ነው፤ በወረቀቱ ልተማመን?

መልስ 1፣ የእንስሳት ሐኪም፦
ወረቀቱ የሚመሰክረው ወላጆቿ እነማን እንደሆኑ ነው። መስፈርቱም በመሠረቱ የቅርጽና የመልክ መግለጫ ሲሆን፣ በውድድር ላይ ዳኛው ውሻውን የሚመዝነው በእርሱ ነው። ክለቡ በ1873 (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ለንደን ውስጥ ከተቋቋመ ወዲህ፣ አሸናፊ ወንድ ውሻ ለማዳቀል እጅግ ስለሚፈለግ፣ ዳኞች የወደዱት መልክ በጥቂት ትውልድ ውስጥ በዝርያው ሁሉ ይሰራጫል። በቡልዶግ የፊት አጥንቱ ሲያጥር ውስጡ ያለው ሥጋ አብሮ አላጠረም፤ ስለዚህ ትርፉ ላንቃ የአየር መተላለፊያውን ይጋርዳል። የቡችሎቹ ራስ ለእናቲቱ ዳሌ ስለሚሰፋም አብዛኞቹ የሚወለዱት በኦፕራሲዮን ነው።

መልስ 2፦
የኛ ቡልዶግ አገጩን በሶፋው ጠርዝ ላይ ካላስደገፈ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር፤ ጋደም ሲል ትንፋሹ እየተቋረጠ ብድግ ይላል። እኛ የዋሆቹ "እንደ ሰው ተቀምጦ ይተኛል" እያልን ፎቶ እናነሳው ነበር። እርሱም ወረቀት ነበረው።

መልስ 3፦
ክለቡን ብቻ መውቀስ አግባብ አይመስለኝም፤ አጭር ፊት የሚወደው ገዢውም ነው። ደግሞም ቢቢሲ በ2008 ስለ ንጹሕ ዘር ውሾች ሕመም ዘጋቢ ፊልም ካሳየ በኋላ፣ ክለቡ በ2009 የበርካታ ዝርያዎችን መስፈርት አሻሽሏል። ይሁን እንጂ የንጽሕና ፍቅር ምን ያህል ግትር እንደሆነ የዳልሜሽን (ጠቃጠቆ ያለበት የውሻ ዝርያ) ታሪክ ያሳያል። ንጹሕ ዘር ዳልሜሽኖች ዩሪክ አሲድ በሽንታቸው የሚያበዛና ለፊኛ ጠጠር የሚያጋልጥ ዘረመል ነበራቸው። በ1973 አንድ አሜሪካዊ የዘረመል ሊቅ አንዲት ጊዜ ብቻ ከፖይንተር (ሌላ የውሻ ዝርያ) ጋር አዳቅሎ፣ ከዚያም ትውልዱን እየደጋገመ ወደ ዳልሜሽን በመመለስ ጤነኛውን ዘረመል አስገባ። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ ግን ከዚህ ማዳቀል የተገኙትን ውሾች ለዘለቄታው የተቀበለው በ2011 ነው፤ ጠቃጠቋቸው ከሌላው የማይለይ ውሾች ስለ አንድ ፖይንተር አያት 38 ዓመት ደጅ ጠኑ።

መልስ 1፣ በድጋሚ፦
ከሐሙስ በፊት የሁለቱንም ወላጆች የአተነፋፈስ ምርመራ ውጤት ይጠይቁ። ክለቡ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2019 በጀመረው በዚህ ምርመራ፣ ሐኪሙ ትንፋሹን አዳምጦ፣ ውሻውን ሦስት ደቂቃ በሶምሶማ አስሩጦ፣ እንደገና አዳምጦ ከ0 እስከ 3 ደረጃ ይሰጣል። 3 ያገኘ ሊራባ አይገባም። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለሆነ ቀኑን ይመልከቱ። እናቲቱ ስንት ጊዜ በኦፕራሲዮን እንደወለደችም ይጠይቁ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ደውዬ ጠየቅሁ፤ አባትየው 1 አግኝቷል፣ እናቲቱ ግን ፈጽሞ አልተመረመረችም። እስክትመረመር ቀብዱን አልከፍልም ብያለሁ፤ ለልጄም የሐሙሱ ጉዞ እንደተሰረዘ ነግሬዋለሁ።